ሁለት ቀን በአንድ ፊልም ላይ

የተያዝኩት ፖስታ ቤት ውስጥ ነው። ጥቅል መጥቶልሃል የሚል ወረቀት ደርሶኝ፣ ደስታዬን መደበቅ አቅቶኝ፣ የወንድሜን ብስክሌት ለምኜ እየበረርኩ ሄድኩ። የመስኮቱ ሠራተኛ ወረቀቱን አየና አንገቱን ደፋ። «ትንሽ ጠብቅ» አለኝ። ከኋላዬ አግዳሚው ላይ ሁለት ሰዎች ተቀምጠው ነበር። አንደኛው ተነስቶ ትከሻዬን በወዳጅነት ነካ አደረገና «ጥቅሉ እኛ ጋ ነው ያለው፤ ና እናሳይህ» አለኝ። እኔም ሞኙ ተከተልኳቸው። ብስክሌቱን ልቆልፍ ብላቸው አልፈቀዱልኝም። ወንድሜ እስከ ዛሬ ስለ እስሬ ሲወራ መጀመሪያ የሚያነሳው ያንን ብስክሌት ነው።

አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ዘመኑ የደርግ ነው፤ ከተማችንንም ያኔ አዋሳ እንላት ነበር። ጥቅሉ ውስጥ ምን እንዳለ አውቃለሁ፤ ፊልም ነው። ጎረቤታችን የነበሩ አንድ የውጭ አገር ሚስዮናዊ ቤታቸው ተወርሶ ሲሄዱ ለእናቴ ድስቶቻቸውን፣ ለእኔ ደግሞ እንደ ሰዓት በቁልፍ የምትሞላ ትንሽ የፊልም ካሜራና አንድ ሮል ፊልም ተዉልን። «ስትጨርስ ላክልኝ፤ አሳጥቤ እመልስልሃለሁ» አሉኝ። አንድ ሮል ማለት አራት ደቂቃ ነው። በአራት ደቂቃ ምን ይነሳል? ስለዚህ ለብዙ ሳምንታት ካሜራዋን በጃኬቴ ውስጥ ይዤ፣ ቁልፏን ሳልጫን፣ ዝም ብዬ ስዞር ከረምኩ።

ያን ጊዜ ነው ማየት የጀመርኩት። ከዚያ በፊት ከተማዋ ለእኔ ከቤት ትምህርት ቤት የምታደርስ መንገድ ነበረች። አሁን ግን ጋሪ ነጂው ፈረሱን ከመምታቱ በፊት አለንጋውን አየር ላይ ለአፍታ እንደሚያቆየው አየሁ። ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን ሲጠግኑ እንደማይነጋገሩ፣ ከገጠር ቅቤና ቆጮ ይዘው የሚመጡት ሴቶች ከመቀመጣቸው በፊት መሬቱን በእግራቸው እንደሚያስተካክሉ አየሁ። በዚያ ዘመን ካሜራ ያለው ሰው የሚያነሳው ሰልፍና መፈክር ነበር። እኔ ደግሞ ሰው የጫማውን ክር ሲያስር ማንሳት አማረኝ። እናቴ ይሄን ስነግራት «ከዚህ የሚበልጥ ሥራ ፈትነት የለም» አለችኝ።

የሮሉን ግማሽ በአንድ የገበያ ቀን አነሳሁ። የቀረውን ግማሽ ከሳምንታት በኋላ ሐይቁ ዳር ጨረስኩትና ፊልሙን ለሚስዮናዊው ላክሁላቸው። ስለ ሁለተኛው ቀን ግን ለማንም አልተነፈስኩም። ሐይቁ ላይ ካሜራዬን ደግኜ ሳለ ከዋርካዎቹ መሃል የታሪክ መምህሬ ብቅ አለ። ትምህርት ቤት ከተዘጋ ወዲህ የሚፈለግ ሰው ነበር፤ ቤተሰቦቹ ሳይቀሩ ስለ እሱ ተጠይቀዋል። ሲያየኝ ደነገጠ፣ ከዚያ አወቀኝ፤ እጁን ወደ ሌንሱ ዘርግቶ «አታንሳኝ፣ አታንሳኝ» አለ። ጣቴ ቀድሞት ነበር። ራሴን ዳበስ አድርጎኝ አለፈ። በመጀመሪያው ምርመራ ስለ እሱ ሲጠይቁኝ ትምህርት ቤት ከተዘጋ ጀምሮ አላየሁትም አልኳቸው።

የታሰርንበት ክፍል የአንድ የተወረሰ ቪላ ጋራዥ ነበር። ሃያ የምንሆን ሰዎች የሞተር ዘይት በሚሸት ሲሚንቶ ላይ እንተኛለን። ቀን ቀን ከሐይቁ የሚመጡት ትልልቅ አባ ኮዳዎች ቆርቆሮው ላይ ይራመዱ ነበር። ኮቴያቸው የሰው ነው የሚመስለው፤ ይራመዳሉ፣ ይቆማሉ፣ አሰብ አድርገው ደግሞ ይራመዳሉ። አዲስ የገባ እስረኛ ሁሉ በመጀመሪያው ቀን አንገቱን ቀና አድርጎ የጣሪያውን ሰውዬ ይከተለዋል። ወፍ ነው ብለው ነገሩኝ። ወፍ መሆኑን አውቄም ጆሮዬ መከተሉን አልተወም።

ሌላ ድምፅም ነበር። ከግድግዳው ማዶ ካለው የሴቶች ክፍል አንዲት ሴት በሲዳምኛ አንድ ቃል ትደጋግማለች። አትጮኽም፣ አታለቅስም፤ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው ያንኑ ቃል ትላለች፣ ታርፋለች፣ እንደገና ትላለች። አጠገቤ የሚተኙት ሽማግሌ የሲዳማን አዲስ ዓመት፣ የፍቼን ቀን፣ ከኮከብ ቆጥረው ስላሳወቁ ኋላ ቀር ልማድ ያስፋፋሉ ተብለው የታሰሩ ሰው ናቸው። እሳቸውን ጠየቅኳቸው።

«አባባ፣ ምንድን ነው የምትለው?»

«ቅቤ ትላለች።»

«ቅቤ?»

«ቅቤ ነው ትላለች። ሌላ ነገር አትልም። ከመጣች ጀምሮ እንደዚያ ናት።»

አእምሮዋ ተነክቶ ይሆናል ብዬ አዘንኩላት። በእኔ ምክንያት ይሆናል ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም።

በሦስተኛው ቀን ከጠዋቱ አራት ሰዓት ግድም ጠሩኝ። የቪላው ሳሎን መስኮቶች በወታደር ብርድ ልብስ ተሸፍነዋል። ውጭ ፀሐይ ነው፣ ውስጥ ድቅድቅ ጨለማ። ብርድ ልብሶቹ ላይ ብል የበላቸው ቀዳዳዎች እንደ ከዋክብት ያበራሉ። መርማሪው ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ድምፁ ለስላሳ፣ ጥፍሮቹ የተቆረጡ፣ ወጣት ሰው ነው። አንድ ጠባቂ በሩ ላይ ቆሟል፤ ጥግ ላይ ጸሐፊው አለ። ፕሮጀክተሩን የሚያንቀሳቅሱት ለገበሬዎች ስለ ማዳበሪያ ፊልም የሚያሳዩ አንድ ፀጉራቸው ገብስማ የሆነ የመንግሥት ሠራተኛ ነበሩ። ለሥራ ተልከው እንደመጡ ያስታውቃል፤ ወደ እኔ ላለማየት ይጥራሉ። ነገሩ ያኔ ገባኝ። ፊልሜን ሊያሳዩኝ ነው።

ማሽኑ መንጫጫት ጀመረ፤ ግድግዳው ላይ ብርሃን ወደቀ፤ ከዚያ አንድ የጋሪ ፈረስ መጣ። በፈረሱ ሆድ ውስጥ ውሃ ይንቀሳቀሳል።

እውነቱን መናገር አለብኝ፤ ደስ አለኝ። ሐፍረቱ ዛሬም አለቀቀኝም። በዚያ ክፍል፣ በእነዚያ ሰዎች መሃል፣ ፊልሜን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳየው ልቤ ዘለለ። ያነሳሁት ነገር ይንቀሳቀሳል። አለንጋው አየር ላይ ቆየ፤ ሴቶቹ መሬቱን በእግራቸው አስተካከሉ። ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም፤ የማየው ነገር ልክ አልነበረም። ሰዎቹ እንደ ብርጭቆ ሆነዋል። በደረታቸው ውስጥ ሐይቁ ይታያል። ገበያው መሃል ዋርካ በቅሏል፤ ሴቶቹ ግንዱን ሰንጥቀው ያልፋሉ፣ ግንዱም ሴቶቹም ምንም አይሆኑም። ድምፅ የለም። ከዚያ መምህሬ ከዋርካው ወጣና በውሃውና በሰዎቹ ላይ እየተራመደ ወደ እኛ መጣ።

በሩ ላይ ያለው ጠባቂ «በስመ አብ» ሲል ሰማሁት። «ነፍሳቸው ነው» አለ፣ ለራሱ። መርማሪው ገላመጠውና ከገበያው ሰዎች አንዱን በጣቱ እያሳየ ወደ እኔ ዞረ።

«ተናገር እንጂ። ይሄ ማነው?»

«አላውቀውም ጓድ። ገበያተኛ ነው።»

«ይቺስ?»

«አላውቃትም።»

እንዲህ እያለ አንድ በአንድ ሲጠይቀኝ፣ በግድግዳው ግራ በኩል ብስክሌት የሚገፋ ወጣት ገባ። ኋላው ላይ ሸንኮራ አስሯል። ወደ ካሜራው ዞሮ በሰፊው ሳቀ፤ ፊቱ ውስጥ የሐይቁ ሞገድ ይርገበገባል። ከመምህሬ ጋር ትከሻ ለትከሻ ተላለፉ። ሰውየው ራሱ መርማሪው ነበር።

«ይሄስ ማነው?» አላለኝም። ማሽኑ ብቻ ይንጫጫል። ጠባቂው ቀስ ብሎ በሩን ከፍቶ ወጣ፤ ከዚያ በኋላ ቢጠራም ደጃፉን አላለፈም። ዘመኑ ያስተማረው ነገር አለ፤ እዚያ ግድግዳ ላይ ውሃ ሆኖ የሚታይ ሰው የሞተ ወይም የሚሞት መስሎታል። ያን ሰዓት እኔም ከእሱ የተለየ ነገር አላሰብኩም።

ቀጥሎ የመጣው የተጠራሁበት ጉዳይ ነው። አንዲት ቅቤ ሻጭ በኮባ ቅጠል የጠቀለለችውን ነገር እጇን ዘርግታ ታቀብላለች። መምህሬ ደግሞ ከፊቷ ቆሞ እጁን ዘርግቶ ይቀበላል። ጣቶቻቸው ኮባው ላይ ተገናኙ።

«እዚህ ጋ አቁመው» አለ መርማሪው።

«ጓድ፣ ካቆምኩት አምፖሉ ያቃጥለዋል።»

«እንግዲያው መልሰው።»

መለሱት። መምህሬ ወደ ኋላ እየተራመደ ዋርካው ውስጥ ገባ። እንደገና ወጣ፣ እጁን ዘረጋ። እንደገና ተመለሰ። ከሃያ ጊዜ በላይ አየነው። አንድ ሰው ሃያ ጊዜ ሲመጣና ሲሄድ ማየት ከባድ ነው፤ በኋላ በኋላ እኛን የሚለምነን መሰለኝ።

«ምንድን ነው የሰጠችው?»

«ቅቤ ይመስለኛል ጓድ።»

«እሷም እንደዚያ ነው የምትለው። አስቀድማችሁ ተማክራችኋል።»

የግድግዳው ማዶ ድምፅ የማን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ሴትየዋን አስታወስኳት። ካሜራዬን ስደግንባት ገዢ መስያት ቅቤዋን እጇን ዘርግታ ወደ አፍንጫዬ አስጠግታ «አሽት፣ የዛሬ ነው» ያለችኝ ናት። የተዘረጋው እጅ ለእኔ ነበር።

ምስሉ አለቀና ግድግዳው ጠቆረ። ማሽኑ ግን አልቆመም፤ ፊልሙ ይዞራል፣ ጨለማ ብቻ ያሳያል። ሁለት ደቂቃ ሙሉ ጨለማ። በዚያ ጨለማ ውስጥ የመርማሪው ለስላሳ ድምፅ መጣ።

«ይሄንንስ ለምን ደበቅከው?»

በዚያች ቅጽበት ጥፋቴ ተገለጠልኝ። ከትምህርት በኋላ ፎቶ ቤት እሠራ ነበር። የፎቶ ፊልም ሲያልቅ ወደ ኋላ ይጠቀለላል፤ ካልተጠቀለለ ብርሃን ገብቶ ያቃጥለዋል፤ ጌታዬ ጆሮዬን እየጠመዘዘ ያስተማረኝ የመጀመሪያው ነገር ይሄ ነው። የዚያች ካሜራ ፊልም ግን እንደ ወረቀት ሁለት ወገን ነበረው። አንዱ ወገን ሲያልቅ ገልብጦ በሌላው ወገን መቀጠል ነው እንጂ ወደ ኋላ መጠቅለል የለም። ሚስዮናዊው ነግረውኝ ነበር። እኔ ግን ባለሙያ ነኝ አይደል? ከገበያው ቀን በኋላ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቼ በጥንቃቄ ጠቀለልኩት። ሐይቁን ያነሳሁት ገበያው ላይ ነው። ሌላው ወገን ምንም ሳይነካው ጨለማ ሆኖ ቀረ።

ለምሳ ወደ ጋራዡ መለሱኝ። ሽማግሌው አጠገቤ ተቀመጡ።

«ምን አሳዩህ?»

«ያነሳሁትን ፊልም ነው አባባ። ተበላሽቷል።»

«ማን አበላሸው?»

«እኔ።»

ከግድግዳው ማዶ ያ ቃል መጣ። ሽማግሌው ሰሙት፣ እኔን አዩኝ።

«በእሱ ነው ያሰሯት?»

«አዎ። ለሚፈለግ ሰው ወረቀት አቀበለች ብለው። አልተገናኙም እኮ፤ ሌላ ቀን ነው።»

«ታዲያ ንገራቸው እንጂ።»

«ከነገርኳቸው ሰውየውን ማየቴን አመንኩ ማለት ነው። እኔን ይይዙኛል።»

ሽማግሌው ጋራዡን ዞር ዞር ብለው ተመለከቱ። «አንተንማ ይዘውሃል እኮ» አሉኝ።

ሳቅኩ መሰለኝ። ግን ፈርቼ ነበር። ዋሽተህ ነበር ከተባልኩ ምን እንደሚከተል ከጋራዡ ሰዎች የተገረፈ እግር አይቼዋለሁ። ዝም ካልኩ ደግሞ ያቺ ሴት አንዲት ቃሏን እንደያዘች ትቀራለች። እንደዚያ ቀን የረዘመ ከሰዓት በኋላ አላውቅም።

ሲጠሩኝ ከጸሐፊው ላይ አንድ ወረቀትና እርሳስ እንዲሰጡኝ ለመንኩ። ትልቅ አድርጌ «ገበያ» ብዬ ጻፍኩ። በላዩ ላይ ደግሞ «ሐይቅ» ብዬ ጻፍኩበት፤ የሚነበብ ነገር አልቀረም። ከዚያ ወረቀቱን ገልብጬ ባዶውን ጀርባ አሳየሁ።

«ጓድ፣ ፊልሙ ይሄ ነው። ገልብጬ መጻፍ ሲገባኝ በጻፍኩት ላይ ጻፍኩበት። ጨለማው ይሄ ጀርባው ነው። ሴትየዋና ሰውየው በአንድ ቀን አልነበሩም።»

መርማሪው ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ አገላበጠው። ከዚያ ወደ ፕሮጀክተሩ ሰው ዞረ።

«እውነቱን ነው?»

ሰውየው ዝም ሊሉ ይችሉ ነበር፤ እኔ ብሆን ዝም የምል ይመስለኛል።

«እውነቱን ነው ጓድ። እኔም በመሥሪያ ቤት ካሜራ የእህቴን ሠርግ በጤፍ አጨዳ ላይ ደርቤ አንስቼዋለሁ። ሙሽራዋ በማጭድ መሃል ስትሄድ ነው የምትታየው። እስከ ዛሬ አኩርፋኛለች።»

ማንም አልሳቀም። መርማሪው ባዶውን ግድግዳ አየ፤ ብስክሌት የሚገፋው ወጣት የገባበትን ቦታ።

«ስለዚህ እዚህ ፊልም ላይ ጎን ለጎን የሚታዩት ሰዎች አብረው አልነበሩም» አለ ቀስ ብሎ።

«አልነበሩም ጓድ። ማናቸውም።»

«ማናቸውም» አለ። ፊቱን በመሐረብ ጠረገ። ከዚያ ድምፁ ወደ ቦታው ተመለሰ። «ሐይቁ ዳር ግን አንተና እሱ ነበራችሁ።»

«አዎ።»

«አላየሁትም ብለህ ነበር።»

«ዋሽቻለሁ።»

«አሁን የት እንዳለ ታውቃለህ?»

«አላውቅም ጓድ።»

«እኔ አውቃለሁ» አለ።

የፕሮጀክተሩ ሰው ፊልሙን ሲጠቀልሉ እጃቸው ቆመ። ጠዋት ሃያ ጊዜ ሲመላለስ ያየሁት ሰው በሕይወት አልነበረም።

ጸሐፊው ቃሌን ጽፎ እንድፈርም አቀረበልኝ። አነበብኩት። «ተጠርጣሪው ሆን ብሎ ሁለት ቀኖችን በማደባለቅ» ይላል። እርሳሱን መልሼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

«ሆን ብሎ የሚለው ይሰረዝልኝ።»

«ፈርም!»

«በስህተት ነው። ሆን ብዬ ከሆነማ እሷም ታውቅ ነበር ማለት ነው። በስህተት ይባልልኝ።»

ጸሐፊው በጥፊ አጮለኝ። ጆሮዬ ጮኸ። እጄን ጉልበቴ ላይ እንዳስቀመጥኩ ቆየሁ። በሕይወቴ የራሴ የምለው ነገር ያ ስህተት ብቻ ነበር፤ ለማንም ልሰጠው አልፈለግኩም። በመጨረሻ መርማሪው ከመስኮቱ ሳይዞር «ሰርዝለት» አለው። ጸሐፊው ሰረዘ፣ «በስህተት» ብሎ ጻፈ፣ ፈረምኩ።

በማግስቱ ከግድግዳው ማዶ ያ ቃል አልመጣም። ሽማግሌው ጆሯቸውን ግድግዳው ላይ አስጠግተው ብዙ አዳመጡ። የጋራዡን ጠባቂ ስንጠይቀው «ቤቷ ሄደች» አለን። ያን ጊዜ ይሄን መልስ ማመን ይከብድ ነበር፤ ቤታቸው ሄዱ ተብለው ከዚያ ወዲያ ያልታዩ ሌሎች ሰዎችም ነበሩ። እኔ በተለያዩ ቦታዎች ስዘዋወር ከሁለት ዓመት በላይ ታሰርኩ። ያን ሁሉ ጊዜ ዝምታዋን እንዴት እንደምተረጉመው አላወቅኩም ነበር።

በተፈታሁ በሳምንቱ ገበያ ወጣሁ። በዚያው ቦታዋ ተቀምጣ አገኘኋት። ከፊቷ ቁጢጥ አልኩ። ጎንበስ ብዬ ሁሉንም ነገርኳት፤ ካሜራውን፣ ስህተቱን፣ በእኔ ምክንያት መታሰሯን። ቅቤውን በኮባ መጠቅለሏን ሳታቆም አዳመጠችኝ።

«አንተ ነህ?» አለችኝ።

«እኔ ነኝ። ይቅር ይበሉኝ።»

«ያ ነገር እኔን አሳየ?»

«አዎ፣ ቁልጭ አድርጎ።»

«ልጄንስ?»

«የትኛውን ልጅ?»

«ጀርባዬ ላይ የነበረውን። ሲይዙኝ ለጎረቤት ሰጠሁ። ታመመ። እስክወጣ አልቆየም።»

ከሃያ ጊዜ በላይ አይቻታለሁ። መርማሪው፣ የፕሮጀክተሩ ሰው፣ ጸሐፊው፣ እኔ፣ ሁላችንም ያየነው እጇን ነው። አዎ፣ አይቼዋለሁ ልላት ቃሉ አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ማን ይቃወመኛል? ለእሷም ደስ ይላት ነበር። ግን ከዚያ ክፍል ይዤ የወጣሁት አንድ ነገር ቢኖር ያላየሁትን አየሁ አለማለት ነው።

«አላየሁትም» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች።

«ነበረ» አለችኝ።

ዛሬ ሐይቁ ዳር ስሄድ ወጣቶች በስልካቸው ሁሉንም ነገር ያነሳሉ፤ ዓሣውን፣ አባ ኮዳውን፣ እርስ በርሳቸውን። ደስ ይለኛል፤ አንዳንዴም ወደ ኋላ ዞር ብዬ ማን ሳይታይ እንደቀረ እፈልጋለሁ። ከመምህሬ የቀረ ሌላ ተንቀሳቃሽ ምስል እንደሌለ ቤተሰቦቹ ነግረውኛል። ፊልሙ የት እንደገባ አላውቅም፤ በየመዝገብ ቤቱ ጠይቄ የሰማ ሰው እንኳ አላገኘሁም። ተቃጥሎ ይሆናል፤ አንድ መጋዘን ውስጥ በቆርቆሮ ሳጥን ተቀምጦም ይሆናል። ከተገኘ እጇን አላይም፤ ጀርባዋን ነው የማየው።